«እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ»፦ ሰው በሞላበት ቤት ያለ ብቸኝነት

ሴኔጋላዊቷ ደራሲ ማሪያማ ባ የመጀመሪያ ልቦለዳቸውን «እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ»ን እ.ኤ.አ. በ1979 ዳካር ላይ በፈረንሳይኛ ሲያሳትሙ የሃምሳ ዓመት ሴት ነበሩ፤ መምህርት፣ የዘጠኝ ልጆች እናት፣ ከባለቤታቸው የተፋቱ። የኖማ የአፍሪካ ኅትመት ሽልማት በተከታዩ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የመጀመሪያው ተሸላሚ ይኸው መጽሐፍ ሆነ። በ1981 የሞዱፔ ቦዴ-ቶማስ እንግሊዝኛ ትርጉም ወጣ፤ ደራሲዋም በዚያው ዓመት ዐረፉ። ብዙ ጊዜ በእጅ የሚገኘው የእንግሊዝኛ ዕትም መቶ ገጽ እንኳ አይሞላም። በዚህች ጠባብ ቦታ ብቸኝነትንና ሃይማኖትን እንዲህ ጎን ለጎን አስቀምጦ የመረመረ፣ አንዱንም የሌላው ማሳበቢያ ያላደረገ ልቦለድ ጥቂት ነው። ዛሬም ገዝቶ ማንበብ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ተራኪዋ ራማቱላይ የዳካር መምህርትና የ12 ልጆች እናት ናት። ባሏ ሞዱ ፋል ቢሮው ውስጥ በድንገት ልቡ ቆሞ ይሞታል። እስልምና ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ (የሐዘን መቆያ ጊዜ) እንድትቀመጥ ያዛል፤ ቁጥሩ በቁርኣን ሁለተኛው ምዕራፍ፣ በአል-በቀራ 234ኛ አንቀጽ ላይ ተጽፏል። (የመቆያ ጊዜው ሐሳብ ለማንም እንግዳ አይደለም፤ የእኛም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሴት ጋብቻዋ ከፈረሰ 180 ቀን ሳይሞላ እንዳታገባ በመርህ ደረጃ ይከለክላል።) ራማቱላይ በዚህ ጊዜ ከቤት ሳትወጣ፣ አሜሪካ በሚገኘው የሴኔጋል ኤምባሲ ለምትሠራው የልጅነት ጓደኛዋ ለአይሳቱ ትጽፋለች። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ያ ደብዳቤ ነው። «አንቺ» የምትባለው ሴት አብዛኛውን ነገር አስቀድማ ታውቃለች፤ ታዲያ ተራኪዋ ለጓደኛዋ የራሷን የጓደኛዋን የፍቺ ታሪክ መልሳ ስትነግራት አንዳንድ አንባቢ ግር ይለዋል። ግር ሊል አይገባም። የምትጽፈው ዜና ለማድረስ ሳይሆን አብሯት የሚያስታውስ ሰው ስላጣች ነው።

ለአማርኛ አንባቢ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሩቅ አይሆኑም። ሦስተኛው ቀን፣ ስምንተኛው ቀን፣ አርባው፤ ድንኳኑ፣ ምግቡ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ፣ ማን ስንት እንደሰጠ የሚመዘግቡ ሰዎች። ሠልስትና አርባ የሚያወጣ ክርስቲያንም፣ ሰደቃ የሚያወጣ ሙስሊምም ትዕይንቱን ያውቀዋል፤ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ወሬ የሚያሞቀውንም እንግዳ ያውቀዋል። ባ ይህን ሲጽፉ ሥርዓቱንና ሥርዓቱ ላይ የተጫነውን ለይተው ነው። ራማቱላይ በጸሎቱ፣ በዒዳው፣ በቁርኣኑ ንባብ ላይ ቅሬታ የላትም፤ ልቧ ከሃይማኖቷ ትእዛዝ ጋር እንደሚስማማ፣ አራቱ ግድግዳም እንደማያስጨንቃት በግልጽ ትናገራለች። የሚያስጨንቃት ለቅሶው ወደ ገበያ መለወጡ ነው፤ የባል ዘመዶች ስጦታውን ሰብስበው ሲሄዱ፣ የሟች እህቶች ፀጉሯን ሲፈቱላት፣ እሷም በገዛ ቤቷ እንደ ዕቃ መቆጠሯ።

ከሁሉ የሚያመው ደግሞ ጣውንቷ እዚያው አጠገቧ መቀመጧ ነው። በልማዱ መሠረት ሁለተኛዋ ሚስት ቢነቱም ለለቅሶው ወደ ራማቱላይ ቤት መጥታለች። ለአንድ ባል ሁለት ባልቴቶች፣ ለሁለቱም እኩል ማጽናኛ። የ30 ዓመት ትዳርና 12 ልጅ ከአምስት ዓመት ትዳር ጋር በአንድ ሚዛን ይቀመጣል። በዚህ ክፍል ውስጥ አንድም ከፍ ያለ ድምፅ የለም፤ የተራኪዋ ንዴት የሚታየው በዝርዝሩ ነው፤ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ምን እንደለበሰ፣ ገንዘቡ እንዴት እንደተከፈለ። ፈጥኖ ያነበበ ሰው ልማድ የሚዘግብ ምዕራፍ መስሎት ያልፈዋል፤ ቀስ ማለት ያለበት እዚህ ጋ ነው።

መጽሐፉን በትክክል ለማንበብ ሦስት ዓይነት ጊዜ ለይቶ መያዝ ያሻል። አንደኛው የዒዳው አራት ወር ከአሥር ቀን ሲሆን ደብዳቤው የሚጻፍበት ነው። ሁለተኛው ሞዱ ቤቱን ጥሎ የሄደባቸው አምስት ዓመታት። ሦስተኛው ከዚያ በፊት የነበሩት 25 የትዳር ዓመታት። ትረካው ያለ ማስጠንቀቂያ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። እነዚህን ያልለየ አንባቢ ራማቱላይ ብቻዋን የቀረችው ባሏ ሲሞት ይመስለዋል፤ የልቦለዱም ዋና ነገር ያመልጠዋል። ባልቴትነቱ ከመጣ በኋላስ ቤቷ በሰው ተሞልቷል። ብቸኝነቱ የጀመረው ባሏ በሕይወት እያለ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ እየኖረ፣ በሕግም ባሏ ሆኖ ሳለ ነው። ሃይማኖቱ ለሞተባት ሴት የሐዘን ጊዜ፣ የሐዘን ልብስ፣ የሐዘን ጎብኚ ወስኖላታል። ለተተወች ሴት ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። አራት ወር ከአሥር ቀኑ ለአምስቱ ዓመትም የዘገየ የሐዘን ጊዜ ይሆናል፤ የተዘጋባት በር ቁጭ ብላ የምትጽፍበትን ሰዓት የሰጣትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ምርጡ ክፍል። አንድ እሑድ ሦስት ወንዶች ወደ ቤቷ ይመጣሉ፦ የሰፈሩ ኢማም፣ የባሏ ወንድም ታምሲር፣ የባሏ ጓደኛ ሐኪሙ ማውዶ ባ። ደንግጣ ሞዱ ሞተ ወይ ትላለች። አልሞተም። ዙሪያ ጥምጥም ከሄዱ በኋላ ኢማሙ አላህ ሁለት ሰው ካገናኘ ማንም ምንም ሊያደርግ እንደማይችል ይነግራታል፤ ሞዱ በዚያው ቀን ሁለተኛ ሚስት አግብቷል፤ እነሱም የሚመጡት ሥነ ሥርዓቱ ከተፈጸመበት መስጊድ ነው። ራማቱላይ ታመሰግናለች፣ ውኃ ታቀርባለች፣ ፊቷን ታስተካክላለች፤ ጉዳቷን አይተው ሄደው እንዲያወሩ አትፈልግም። እዚህ ላይ ባ ሃይማኖትን አልከሰሱም። የከሰሱት ውሳኔውን ራሱ ወስኖ በእግዚአብሔር ስም የሚያስነግረውን ሰው ነው። ሞዱ ራሱ አልመጣም፤ ጌታ ፈቀደ የሚለውን እንዲናገሩለት ሌሎችን ላከ። የሙሽራዪቱ ማንነት ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ቢነቱ የትልቋ ልጅ የዳባ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት፤ እዚያ ቤት ለፈተና ስታጠና ኖራለች። ዳባ ጓደኛዋን ልብስ በልብስ ስላደረጋት አንድ ሽማግሌ ወዳጅ ለእናቷ ስታወራ፣ ሽማግሌው አባቷ መሆኑን አታውቅም ነበር።

ራማቱላይ አትፈታም። ይህ ውሳኔ አንባቢን ለሁለት ሲከፍል ኖሯል፤ ልጆቿም ተቃውመውታል። ምክንያቷን በጥንቃቄ ማንበብ ግን ይገባል። እስልምና ከአንድ በላይ ለሚያገባ ወንድ ሚስቶቹን በእኩል የመያዝ ግዴታ ይጥላል፤ እሷም ራሷን ያዘጋጀችው ለዚያ እኩልነት ነበር። ሞዱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ደጇን አልረገጠም። ስለዚህ ሕጉን የጠበቀችው እሷ፣ የጣሰው እሱ ነው። በልቦለዱ ውስጥ የምእመን ሚዛን ይዞ የተቀመጠ ሰው ቢኖር ይህች በባሏ የተረሳች ሴት ናት። ከጀርባው ያለውን የሕግ ሁኔታ ማወቅ ለሚሻ፦ የሴኔጋል የቤተሰብ ሕግ በ1972 የወጣ ሲሆን ወንዱ ሲያገባ አንድ ሚስት ብቻ እንደሚይዝ፣ ቁጥሩን እንደሚወስን ወይም እስከ አራት እንደሚሄድ እንዲመርጥ ያደርጋል። ልቦለዱ ስለዚህ ሕግ ሲከራከር አይታይም፤ ክርክሩ ከሰዎቹ ጋር ነው።

ብቸኝነቱ እንዴት እንደተጻፈ ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ ደራሲዋ ከሁሉ የበለጡት በዚህ ነውና። «ብቸኛ ነኝ» እያሉ የሚያለቅሱ ገጾች የሉም። በምትኩ የመብራትና የውኃ ክፍያ ወረፋ አለ፤ ቀድሞ የባል ሥራ የነበረ። ምሽት ላይ የሚያጽናናው ሬዲዮ አለ። ሲኒማ ቤት አለ፤ ራማቱላይ ብቻዋን ትገባለች፣ ሰዎች ይህችን ያለ ጓደኛ የመጣች ጎልማሳ ሴት አፍጥጠው ያያሉ፣ እሷም ደንታ የሌላት ትመስላለች። በአውቶቡስ መጋፋት አለ፤ ባሏ ለወጣቷ ሚስቱና ለአማቱ አልፋ ሮሜዮ በገዛበት ከተማ። ይህን የሰማችው አይሳቱ ከሩቅ አገር ክሬም ቀለም ያላት ፊያት 125 ገዝታ ትሰጣታለች፤ ራማቱላይ መሪ እስክትለምድ ድረስ ያላት ፍርሃትና ፍርሃቱን የምታሸንፍበት ግትርነት በጥቂት መስመር ተጽፎ ብዙ ይናገራል። ከወንዱ ፍቅር የሴቲቱ ጓደኝነት ጸንቶ ተገኘ፤ የተገኘውም በቁም ነገር፣ በመኪና መልክ ነው።

ልቦለዱን በሙሉ የሚሸከመው የሃይማኖት ሐሳብ ሚራስ፣ ማለትም የእስልምና የውርስ ሥርዓት ነው። ቁርኣን ውርስ እንዲከፈል ያዛል፤ ውርስ ለመክፈል የሟች ሀብትና ዕዳ መገለጥ አለበት፤ ሲገለጥ ደግሞ የሰውየው ገመና ይወጣል። የሞዱ ወረቀቶች ሲፈተሹ የቢነቱ ቪላ በባንክ ብድር እንደተገዛ፣ ለብድሩ የተያዘውም ራማቱላይ የምትኖርበት ቤት እንደሆነ ይታወቃል። ያ ቤት በሞዱ ስም ይመዝገብ እንጂ ሁለቱ አብረው ቆጥበው የገዙት ነው። የአማቶቹ የመካ ጉዞም ከዚያው የብድር ቋት የወጣ ነው። ራማቱላይ ይህን ሥርዓት ከንብረት አልፋ ወደ ሕይወቱ ትወስደዋለች፦ ሃይማኖቱ ሟችን እንድትገልጥ ካዘዛት፣ የ30 ዓመት ትዳሯንም ትገልጣለች። ደብዳቤው ሁሉ በቀል ሊመስል ሲችል ያልመሰለው በዚህ ነው። አርባው ሲወጣ ሞዱን ይቅር እንዳለችው፣ በየቀኑም እንደምትጸልይለት ትጽፋለች፤ ይህን ካለች በኋላም ጥፋቱን መዘርዘር አታቆምም። ይቅርታና ሒሳብ በአንድ ሴት ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ይህን አምናችሁ ካላነበባችሁ ራማቱላይን ወይ አስመሳይ ወይ ደካማ ታደርጓታላችሁ።

ሌላዋ መንገድ የአይሳቱ ናት። የወርቅ አንጥረኛ ልጅ ናት፤ ባሏ ማውዶ ባ ከነገሥታት ዘር ነው። እናቱ አክስት ናቡ የአንጥረኛ ልጅ ምራቷ መሆኗን መቼም አልዋጠችውም። የወንድሟን ልጅ ከገጠር አምጥታ፣ አሳድጋ፣ አዋላጅነት አስተምራ ለልጇ ትድረዋለች። ቀጥቃጭና አንጥረኛ በዘር ሲናቅ ባየ አገር ያደገ አንባቢ ለዚህ ክፍል ማብራሪያ አያሻውም። አይሳቱ አጭር ደብዳቤ ጽፋ፣ አራት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ትወጣለች፤ ተምራ አስተርጓሚ ትሆናለች። ባ አንዷን አስተካክለው ሌላዋን አላሳሳቱም፤ ሁለቱም ዋጋ ከፍለዋል።

ስለ ሃይማኖትና ብቸኝነት የሚጨንቀው አንባቢ ሊዘለው የማይገባው ሦስተኛው መንገድ የዣክሊን ነው። ዣክሊን ከአይቮሪ ኮስት የመጣች ፕሮቴስታንት ናት፤ የወላጆቿን ፈቃድ ጥሳ ሙስሊሙን ሴኔጋላዊ ሳምባ ዲያክን አግብታ ዳካር ትኖራለች። ሃይማኖቷን አትለውጥም፤ እሑድ እሑድ ወደ ጸሎት ቤቷ ትሄዳለች። ጥቁር ለጥቁር፣ አፍሪካዊት በአፍሪካ፣ ያውም በአንድ ቅኝ ገዢ ሥር የነበሩ ሕዝቦች፤ መልመድ ቀላል ሊሆን ይገባ ነበር። አልሆነም። የባሏ ቤተሰብ አልተቀበላትም፣ ባሏ ሌሎች ሴቶችን ያሳድዳል፤ እሷም ደረቷ ላይ እብጠት ያለ ይመስላታል። ሐኪም ቤት ትመላለሳለች፤ ምርመራው ሁሉ ደህና ነሽ ይላል፤ ሰውነቷ ግን ይመነምናል። በመጨረሻ በፋን ሆስፒታል የነርቭ ሐኪሙ የሚያማት አካሏ አለመሆኑን፣ ኑሮዋ እንደሆነ ይነግራታል፤ ሐዘንተኛነቱ ስም ያለው ነገር መሆኑን በማወቅ መዳን ትጀምራለች። በ1979 በታተመ ልቦለድ ውስጥ ድባቴ እንዲህ በትክክል፣ ምልክቶቹ በሰውነት ላይ እንደሚወጡ ታውቆ፣ ጸበልና ምክር ሳይቀላቀልበት መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። ራማቱላይ ይህን የምታስታውሰው በራሷ ላይ እንዳይደርስ ስለምትፈራ ነው።

አርባው እንዳለፈ ታምሲር እንደገና ከኢማሙና ከማውዶ ጋር ይመጣል፤ ከዒዳ ስትወጪ አገባሻለሁ ይላል። የሟች ወንድም የሟችን ሚስት የሚወርስበት ልማድ ነው። ሦስት ሚስቶች አሉት፤ እነሱ እየሠሩ ኑሮውን ይደግፉለታል። ራማቱላይ እስከዚህ ድረስ የያዘችው ዝምታ የሚሰበረው እዚህ ነው፤ ንግግሯን ቀድሞ መግለጥ የአንባቢን ደስታ መስረቅ ስለሆነ እናልፈዋለን። ቀጥሎ የሚመጣው ዳውዳ ዲየንግ ግን ከባዱ ፈተና ነው። የቀድሞ ወዳጇ፣ የተማረ፣ ጨዋ፣ የምክር ቤት አባል፤ ከመቶ የምክር ቤት አባላት ሴቶቹ አራት ብቻ መሆናቸውን አንስታ ስትሞግተው የሚሰማት ወንድ። ብቸኝነቷ እንዲያበቃ በር ተከፍቷል። ሚስትና ልጆች ስላሉት እምቢ ትላለች፤ በእሷ የደረሰውን በሌላ ሴት ላይ አትደግምም። ያቀረበችለትን ጓደኝነት እሱ አይቀበልም። ክፉን ወንድ እምቢ ማለት ቀላል ነው፤ ባ ተራኪያቸውን በጥሩ ሰው ፈተኗት።

ስለ ስሞቹ አንድ ተግባራዊ ምክር። በመጽሐፉ ሁለት አይሳቱ፣ ሁለት ናቡ፣ ሁለት ማውዶ አሉ። ራማቱላይ አንዷን ልጇን በጓደኛዋ ስም፣ አንዱን ደግሞ በማውዶ ስም ጠርታለች፤ አክስት ናቡም የስሟ ወራሽ የሆነች ወጣት ናቡ አለቻት። ከመጀመሪያው የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሁለቱን ቤተሰብ የዘር ሐረግ መሳል ብዙ ግራ መጋባት ያድናል። በተለይ መጨረሻ ላይ «አይሳቱ አረገዘች» የሚለውን አንብበው ኤምባሲ ያለችውን ጓደኛ የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ የተባለችው ልጇ ናት።

ጉድለቶችም አሉት። ከምዕራፎቹ አንዳንዶቹ ወደ ንግግር ያዘነብላሉ፤ ስለ ነፃነት ትውልድ፣ ስለ መምህርነት ክብር፣ ስለ ፓርቲ ፖለቲካ የሚያወሩት ገጾች ገጸ ባሕርያቱን ያስቆማሉ። የቢነቱ እናት ከድህነት የመጣች ስስታም ብቻ ሆና ቀርታለች፤ የተራኪዋ የተማረ ሰው ንቀት በእሷ ላይ ሲያርፍ ደራሲዋ አላረሙትም። ከሁሉ የሚቆጨው የቢነቱ ዝምታ ነው። ከትምህርት ቤት ተጎትታ የተዳረችው፣ በወጣትነቷ ባልቴት የሆነችው ልጅ ከሁሉም የባሰ ብቸኛ ሳትሆን አትቀርም፤ ራማቱላይም የተሸጠች መሆኗን ትረዳለች፤ ግን አንድ ሙሉ ገጽ እንኳ በቢነቱ አንደበት አንሰማም። የግሪዮ (የምዕራብ አፍሪካ አዝማሪ) ዘሯ ጎረቤት ፋርማታ፣ ዛጎል ጥላ የምትገምተው፣ በአንጻሩ በጥቂት ብቅታ ሕያው ሰው ሆናለች።

በንባብ ቡድን ለምታነቡት፣ ሦስት ጊዜ ብትገናኙ ይበቃል፦ እስከ ሚራሱ፣ እስከ ዣክሊን፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው። ሙስሊምና ክርስቲያን አንባቢ አብረው ቢቀመጡ ውይይቱ ይሻላል፤ ዒዳን በእስር ቤት መልክ ብቻ የሚያይ ሰው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ተራኪዋን ይስታታል፤ ኢማሙ የተናገረውን ሁሉ እንደ ሃይማኖቱ ቃል የሚወስድም እንዲሁ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊወጣው ይችላል፤ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ግን በዋናው ቋንቋ ቢያነበው የአረፍተ ነገሮቹን አጭርና ቁርጥ ያለ አካሄድ ያገኛል።

የዣክሊን ታሪክ አጥሮብኛል የሚል ካለ፣ ባ ከሞቱ በኋላ የታተመው ሁለተኛው ልቦለዳቸው «ቀይ ዜማ» ጥያቄውን ገልብጦ ያነሳዋል። እዚያ ፈረንሳዊቷ ሚሬይ ሙስሊም ሴኔጋላዊ ለማግባት ሃይማኖቷን ትለውጣለች፤ ዣክሊን እምቢ ያለችውን እሷ እሺ ብላ ዳካር ትገባለች። የባሏ እናት በር ለእሷም አልተከፈተም።